ጎንደር ላይ ክሊኒክ ስናቋቁም፦ የ2011 ዓ.ም. የሥራ ማስታወሻ

መስከረም

ወደ እስራኤል ለመሄድ ጎንደር ላይ ለሚጠብቁ የቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ለምናቋቁመው ክሊኒክ ቤት ተገኘ። ከምኩራቡ በእግር የሚደረስ፣ አራት ክፍል ያለው የብሎኬት ቤት ነው፤ ከኋላው ሁለት ሰርቪስ ቤትና ሰፋ ያለ ግቢ አለው። አከራይዋ የሁለት ዓመት ውል አቀረቡ፤ እኔ አምስት ዓመት እንዲሆን ጠየቅሁ። ገንዘቡን ከእስራኤል የሚያሰባስቡት የማኅበራችን ሰዎች ይህን ሲሰሙ ደወሉልኝ፦ «ሰዎቹ ዛሬ ነገ አሊያ ሊያደርጉ (ወደ እስራኤል ሊገቡ) ይችላሉ። አምስት ዓመት ማን ሊታከምበት ነው?»

ይህን ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ ደጋግሜ እንደምሰማው ስለማውቅ መልሴን እዚሁ አሰፍራለሁ። በግንቦት 1983 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ የሚበልጥ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲሻገር፣ አባቶቻቸው ወይም አያቶቻቸው ክርስትና ተነሥተዋል የተባሉት ወገኖቻችን ወደ ኋላ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ሰው እየተወሰደ እዚህ ደረስን። በነሐሴ 2005 የመጨረሻው ነው የተባለው በረራ ሄደ፤ የማኅበረሰቡ ትምህርት ቤትም ለከተማው አስተዳደር ተላለፈ። በኅዳር 2008 ደግሞ የእስራኤል መንግሥት የቀሩትን ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ለመውሰድ ወሰነ። ውሳኔው ከወረቀት ወደ አውሮፕላን የሚሻገረው ግን በጣም በዝግታ ነው። በሬውንና መሬቱን ትቶ ከገጠር የመጣ ገበሬ እዚህ በኪራይ ክፍል ውስጥ ልጅ አሳድጎ ድሯል፣ የልጅ ልጅ አይቷል።

ይህን ሁሉ ዘመን «ሊሄዱ ነው» እየተባለ ለዚህ ሕዝብ ቋሚ ነገር ሳይተከልለት ቀረ። የሚያስለው ሰው፣ የምታረግዘው ሴት፣ ተቅማጥ የያዘው ሕፃን የበረራ ቀን አይጠብቁም። ስለዚህ ክሊኒኩን የምናቋቁመው እንደሚኖሩበት አድርገን ነው። ነገ ሁሉም ቢሄዱ ደስታችን ነው፤ ቤቱ ደግሞ ለሰፈሩ ይቀራል። ውሉ በአምስት ዓመት ተፈረመ።

ስለ ራሴ ባጭሩ፦ የተወለድኩት ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ ባለች የቤተ እስራኤል መንደር ነው። በልጅነቴ በሱዳን በኩል ወጥቼ፣ እስራኤል ውስጥ ነርስ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። እዚህ ሁሉም «ሲስተር» ይለኛል።

መስከረም ማብቂያ

መስከረም 27 ዜናው መጣ። የእስራኤል ካቢኔ ወደ 1 ሺህ የሚሆኑ ሰዎች እንዲሄዱ ፈቀደ፤ ልጆቻቸው ቀድመው እስራኤል የገቡ ወላጆች ናቸው። የሚጠብቁት ወደ 8 ሺህ ይደርሳሉ። ክሊኒኩ ገና በር እንኳ አልተገጠመለትም፤ ሰዎች ግን በግንበኞቹ መካከል እያለፉ «ሲስተር፣ ግፊቴን ለኪልኝ» ይሉኛል። ብሎኬት ላይ አስቀምጬ እለካለሁ። የብዙዎቹ ግፊት ከፍ ብሏል። ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ልብ መምታት ይነግሩኛል፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስማቸው ከዝርዝሩ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ይጠይቁኛል። እኔ ዝርዝሩን አላየሁም፤ ከዝርዝሩ ጋር ምንም ሥራ እንደሌለኝም ለእያንዳንዱ ሰው በግልጽ እነግራለሁ። ክሊኒካችን ከአሊያ ጉዳይ ፈጽሞ መለየት አለበት። የሚታከም ሰው «እዚህ የነገርኩት ነገር ጉዞዬን ያሰናክልብኛል» ብሎ ከፈራ እውነቱን አይነግረንም፤ እውነቱን ካልነገረን ደግሞ ልናድነው አንችልም።

ከአራቱ ክፍሎች አንዷን ለመጋዘን አስበናት ነበር። አሁን ለምክር አገልግሎት እንድትሆን ወሰንኩ። ሁለት ወንበርና በር ብቻ ነው የሚያስፈልጋት። መጋዘኑ ወደ ሰርቪስ ቤቱ ይሄዳል።

ጥቅምት

ፈቃድ። የምንሠራው በበጎ አድራጎት አዋጅ 621/2001 ሥር ነው፤ ከበጀቱ ለአስተዳደር ወጪ የሚፈቀደው ከ30 በመቶ አይበልጥም። ጥሩ ሐሳብ ይመስላል፤ ችግሩ ግን ትራንስፖርቱ፣ ሥልጠናው፣ የክትትል ሥራው ሁሉ የአስተዳደር ወጪ ተብሎ ሊቆጠር መቻሉ ነው። ለእናቶች ቤት ለቤት ክትትል የምንይዘው የባጃጅ ሒሳብ እንኳ የትኛው ዓምድ ውስጥ እንደሚገባ ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር ብዙ ተከራክረንበታል።

ደረጃውን በተመለከተ፣ መካከለኛ ክሊኒክ እንዲሆን ተስማምተናል፤ የሚመራው በጤና መኮንን ነው። ጎንደር ላይ ይህን ማድረግ ለኔ ትልቅ ትርጉም አለው። የጤና መኮንን ሙያ የተወለደው እዚሁ ከተማ ነው። በደምቢያ ቆላ ድባ አካባቢ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ጎንደር ላይ ተከፈተ። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው እሱ ነው። ከውጭ ሐኪም ለማምጣት የቀረበልንን ሐሳብ ያልተቀበልነውም ለዚህ ነው። የውጭ ሐኪም ለአንድ ወር መጥቶ ይሄዳል፤ እዚህ የተማረው ጤና መኮንን ግን በሽታውንም፣ ቋንቋውንም፣ ሪፈር የሚጽፍለትን ሆስፒታልም ያውቃል።

ጥቅምት ማብቂያ፣ ከሲግድ በኋላ

ሲግድ፣ የቤተ እስራኤል የጾምና የጸሎት በዓል፣ ዘንድሮ ጥቅምት 28 ዋለ። በማግስቱ ሽማግሌዎቹንና የምኩራቡን ቄስ ሰብስበን ማን ይታከም የሚለውን ጉዳይ አነሣን። እኔ ለሰፈሩ ሁሉ ክፍት እንዲሆን ነበር ሐሳቤ። አንድ አባት ተነሥተው «ልጄ፣ ለኛ እንኳ የማይዳረሰውን መድኃኒት ለሰፈሩ ሁሉ ልታካፍዪው ነው?» አሉ። ብዙዎች አጉረመረሙ። ቅሬታቸው እውነተኛ ነው። ብዙዎቹ ሲመጡ ተከራይ ሆነው ስለነበር የቀበሌ መታወቂያ ማግኘት ተቸግረው ኖረዋል፤ መታወቂያ ከሌለ ደግሞ የጤና መድንም የለም።

እኔም ሁለት ነገር አስታወስኳቸው። አንደኛው በአያት ቅድመ አያቶቻችን ዘመን የነበረው ነው። ከ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ሚስዮናዊው ማርቲን ፍላድና ጓደኞቹ ደምቢያ ጄንዳ ላይ ተቀምጠው ለቤተ እስራኤል ትምህርትና መጽሐፍ ሲያድሉ፣ የዕርዳታው ዋጋ ጥምቀት ነበር። በዚያ መንገድ የሄዱ ሰዎች ጉዳይ እስከ ዛሬ ቤተሰብ ከቤተሰብ ለያይቶ እነዚህን ሰዎች እዚህ አስቀምጧቸዋል። በኛ ክሊኒክ ማንም ሃይማኖቱ አይጠየቅም፤ ካርዱም ላይ የሃይማኖት መሙያ ቦታ አይኖርም። ሁለተኛው ኦርት ነው። በደርግ ዘመን ይህ የአይሁድ ድርጅት በጎንደር ገጠር ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ከፍቷል፣ የውኃ ጉድጓድ ቆፍሯል፤ ለቤተ እስራኤልም ለክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውም። እ.ኤ.አ. በ1981 ከአገር እንዲወጣ ተደረገ።

ኦርትን ስጠራ አንድ ሌላ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። «እኔ ከዚያ ጉድጓድ ጠጥቻለሁ» አሉ። «ክርስቲያኑም ቀድቶበታል። እኛን ሊያባርሩን ሲመጡ ከፊታችን የቆሙልን ከዚያው ጉድጓድ የሚቀዱ ጎረቤቶች ናቸው።» ከዚህ በኋላ ብዙ ክርክር አልነበረም። ቄሱም ባረኩ። ሁሉም ሰው ለካርድ 5 ብር ይከፍላል፤ መክፈል ያልቻለ አይከፍልም፤ ማን አልቻለም የሚለውን ደግሞ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ብቻ ታውቃለች።

ገንዘብ ሰጪዎቹን ማሳመን ከሽማግሌዎቹ ይልቅ ከበደኝ። አንዳንዶቹ ያዋጡት ለአይሁድ ወገኖቻቸው ነው፤ እኔም ይህን ፍቅር አከብራለሁ። ግን በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቦኖ፣ በአንድ ሽንት ቤት የሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦች ካሉ፣ የአንዱን ልጅ ተቅማጥ አክመን የሌላውን ብንተው ልጃችን ተመልሶ ይታመማል። ይህን በደብዳቤ ጽፌ ላክሁላቸው፤ ተቀበሉት።

ኅዳር

የወሩ ሥራ ውኃ ነው። የጎንደር ውኃ በአብዛኛው የሚመጣው ከአንገረብ ግድብ ነው። ግድቡ በደለል እየተሞላ፣ ከተማው እየሰፋ ሄዶ ውኃ በፈረቃ ሆኗል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ተመላላሽ ታካሚ ቢያንስ 5 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል ይላል። ለስልሳ ሰው 300 ሊትር ነው፤ ወለል ማጠቢያው፣ ላብራቶሪው፣ ሽንት ቤቱ ሲጨመርበት ብዙ ይሆናል። ቧንቧ ሠራተኛው ትንሿን ሮቶ መክሮን ነበር። እኛ የ10 ሺህ ሊትሯን ገዝተን ጠንካራ የኮንክሪት መቆሚያ አሠራንላት፤ ጣሪያው ላይም ለክረምት ዝናብ አሸንዳ አስገጠምን። በእያንዳንዱ ምርመራ ክፍል የእጅ መታጠቢያ ሲንክ አለ። ለዚህ ስንል የፊት ለፊቱን በረንዳ ሴራሚክ ማንጠፉን ትተነዋል። አንድ ጎብኚ በረንዳው ሲሚንቶ በመሆኑ አዝኖ ነበር፤ ለኔ ግን እጁን ሳይታጠብ ከአንድ ሕፃን ወደ ሌላው የሚሄድ ባለሙያ የበለጠ ያሳዝነኛል።

መብራቱ በሌላ መንገድ ነው የተፈታው። ከእስራኤል የመጡት ዕቃዎች በ230 ቮልት፣ በ50 ኸርዝ ስለሚሠሩ ከኢትዮጵያ መብራት ጋር ይስማማሉ፤ መሰኪያቸውን ብቻ ቀየርን። በ120 ቮልት የሚሠሩ የአሜሪካ ዕቃዎች ልንልክላችሁ ያሉንን አመስግነን መለስን። ለክትባቱ ፍሪጅ ኢንቨርተርና ባትሪ አለን፤ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት፣ መብራት ደግሞ እንደምናውቀው ነው።

ስለ ከፍታ ትንሽ ላብራራ፤ ከቆላ ወይም ከባሕር ጠረፍ መመሪያ ይዞ ወደ ደጋ የሚመጣ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ውኃ እዚህ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ መርፌና መቀስ በማፍላት ንጹሕ ሆነ ማለት አይቻልም። የኦቶክሌቩ (ዕቃ በእንፋሎት የሚያመክነው ማሽን) መመሪያ 121 ዲግሪ ለመድረስ የግፊት ጌጁ 15 ፒኤስአይ ቢያሳይ ይበቃል ይላል፤ ያ ለባሕር ጠረፍ ነው። እዚህ 18 ወይም 19 ማሳየት አለበት። የኛን ኦቶክሌቭ በዚህ ልክ አስተካክለን ጌጁ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አድርገንበታል፤ በየጊዜውም የሙቀት መመርመሪያ ወረቀት እናስገባለን።

የደም ማነስም እንዲሁ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ሄሞግሎቢኗ ከ11 በታች ከሆነ ደም ማነስ አለባት ይባላል። በደጋ የሚኖር ሰው ግን ደሙ በተፈጥሮ ስለሚወፍር፣ በ2011 በምንከተለው መመሪያ በ2,000 ሜትር ላይ ከተገኘው ውጤት 0.8 ይቀነስ ነበር። 11.5 ያላት ነፍሰ ጡር መመሪያውን እንደወረደ ብናነበው ጤነኛ ናት፤ በዚያ ስሌት ግን 10.7 ነው፣ የብረት እንክብል ያስፈልጋታል። ይህን ሠንጠረዥ በትልቁ አሳትመን ላብራቶሪው ግድግዳ ላይ ለጠፍነው።

ታኅሣሥ

ሐኑካ (የአይሁድ የብርሃን በዓል) እያለ ካርቶኖች መጡ። አንድ በጎ አድራጊ በልቡ ደስታ የላካቸው መድኃኒቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ የአገልግሎት ጊዜያቸው በጥቂት ወር ውስጥ ያበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በዕርዳታ የሚሰጥ መድኃኒት አገር ሲገባ ቢያንስ አንድ ዓመት ሊቀረው ይገባል ይላል፤ የኢትዮጵያም ቁጥጥር ጠንካራ ነው። አልተቀበልናቸውም። ለሰውየው ረጅም የምስጋና ደብዳቤ ጽፌ፣ በዚያው የጭነት ዋጋ እዚሁ ገበያ ላይ ስንት ዕቃ እንደሚገዛ ዘረዘርኩለት፦ ኦአርኤስና ዚንክ፣ አሞክሲሲሊን፣ የብረት እንክብል፣ አልቤንዳዞል፣ ጓንትና ሲሪንጅ። በሚቀጥለው ጊዜ ገንዘቡን ላከ። ሌሎችም እንዲሁ ቢያደርጉ እወዳለሁ፤ እዚህ የተገዛ መድኃኒት ሐኪሙም ፋርማሲስቱም የሚያውቀው፣ ሲያልቅም የሚተካ ነው።

ሠራተኛ ቀጠርን። ጤና መኮንን፣ ሁለት ነርስ፣ አዋላጅ፣ የላብራቶሪና የፋርማሲ ባለሙያ፣ ካርድ ክፍል፣ ጽዳት፣ ጥበቃ። ደመወዙን ከመንግሥት ጤና ጣቢያው እጅግ አስበልጠን አናቀርብም ብለናል። ብናስበልጥ የጤና ጣቢያውን አዋላጅ እኛ እንወስዳታለን፣ እዚያ የሚወልዱት እናቶች ደግሞ ባዶ ክፍል ያገኛሉ። ያስታወቅነውም በቅርቡ ለተመረቁና ሥራ ለሚፈልጉ ነው። ደስ ያለኝ ነገር፣ ካርድ ክፍል የተቀጠረችው የማኅበረሰቡ ልጅ ናት፤ ብዙ ዓመት በመጠበቅ ያሳለፈች፣ በእጇ ጽሑፍና በትሕትናዋ ከሁላችን የምትበልጥ።

ጥር

ተከፈተ። ሪባን አልቆረጥንም፤ ቄሱ ጸለዩ፣ የሰፈሩ የቤተ ክርስቲያን አባትም መጥተው መረቁ፣ ከዚያ ሥራ ጀመርን። ጥምቀት ስለነበር ከተማው በእንግዳ ተጥለቅልቋል።

በዚሁ ወቅት በማዕከላዊና በምዕራብ ጎንደር በነበረው ግጭት ከቤታቸው የተፈናቀሉ ሰዎች በብዙ ሺህ ይቆጠራሉ። አንዳንዶቹ ዘመድ ቤት ተጠግተው እኛ ሰፈር ደርሰዋል። ሕፃናቱን ሁሉ በክንድ ልኬት ማየት ጀመርን። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። በመለኪያው ክር ቀዩ ላይ ያረፉት ከማኅበረሰቡም፣ ከተፈናቃዮቹም፣ ከነባሩ ሰፈርም ነበሩ። ፕለምፒ ነት (በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጥ የለውዝ ምግብ) የምንሰጠው በየሳምንቱ ተቆጥሮ ነው፤ አንዷ 92 ግራም ፓኬት 500 ካሎሪ ትሰጣለች። እናቶቹን የምንለምነው አንድ ነገር ነው፦ ለወንድም ለእኅት እንዳይካፈል፣ ይህ ለዚህ ልጅ መድኃኒቱ ነውና። ይህን መለመን ይከብዳል። በቤት ያለው ሌላው ልጅም ርቦታል። ስለዚህ ለተቀሩት ልጆች የበሶና የአተር ዱቄት መስጠት ጀመርን፤ በበጀቱ ውስጥ ያልነበረ ወጪ ነው፣ ግን ያለ እሱ ፕለምፒው ይካፈላል። የመጠጥ ውኃ ለማከም «ውኃ አጋር» እየሰጠን እንዴት እንደሚለካ በጄሪካን እናሳያለን።

የካቲት

ጥር መጨረሻ ላይ ከተፈቀደላቸው የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች ሄዱ። ሌሊት ሲወጡ ሰፈሩ ሁሉ እልልታና ልቅሶ ነበር። እኛ ለሚሄድ ሰው የምናዘጋጀው ነገር አለ፦ የክትባት ካርድ፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ የተደረገለት ምርመራ፣ በአንድ ገጽ ተጽፎ በእጁ ይሰጠዋል። እስራኤል ቁፓት ሖሊም (የጤና መድን ድርጅቱ) ሲደርስ ከዜሮ እንዳይጀምር ነው። ብዙ ዓመት በዚያኛው በኩል ሆኜ ሕፃኑ ምን እንደተከተበ የማያውቅ ቤተሰብ ስቀበል ኖሬያለሁ።

ቲቢ ግን ያሳስበኛል። በአንድ ጠባብ ክፍል ስድስት ሰባት ሰው ይተኛል፣ መስኮቱ ለብርድ ተብሎ ይዘጋል። ሳል ያለበት ሰው ጉዞው እንዳይዘገይ ፈርቶ ይደብቃል። በምኩራቡ ከጸሎት በኋላ ቄሱ ራሳቸው እንዲናገሩልን ጠየቅናቸው፤ እኔ ብናገር የሕክምና ምክር ነው፣ እሳቸው ሲናገሩ ግን ሌላ ክብደት አለው። «ሁለት ሳምንት የሳለ ሰው ይመርመር፤ ነፍስ ማዳን ሰንበትን ይሽራል፣ ጉዞን እንዴት አያዘገይም?» አሉ። ከዚያ ወዲህ አክታ የሚሰጡ ሰዎች በዝተዋል። አክታውን እኛ ሰብስበን ወደ ጤና ጣቢያ እንልካለን፤ መድኃኒቱ በመንግሥት በነፃ ነው፣ መጀመሪያ ሁለት ወር አራት ዓይነት፣ ቀጥሎ አራት ወር ሁለት ዓይነት። ስድስቱን ወር የጨረሰ ይድናል። የታመመ ሰው ቤት ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ካለ፣ ሳይታመም መከላከያውን እንዲጀምር እንከታተላለን።

የሕግ ዜናም አለ። ፓርላማው አዲሱን የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ አጽድቋል፤ ቁጥሩ 1113/2011 ነው። የአስተዳደር ወጪ ጣሪያ 20 በመቶ ቢሆንም ለሥራው በቀጥታ የሚወጣው ወጪ ከአስተዳደር ተለይቶ ተቀምጧል። የባጃጅ ክርክራችን አበቃ።

መጋቢት

አንዲት ልጅ ጉልበቷ አብጦ፣ ትኩሳት ይዟት መጣች። ጤና መኮንኑ ልቧን ሲያዳምጥ ድምፁን ለይቶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሉ ላካት፤ በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ሲታይ የልቧ በር ተጎድቷል። ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ልብ ላይ ሲያርፍ እንዲህ ነው። በየ28 ቀኑ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት መውሰድ አለባት። ብዙ ቦታ ይህን መርፌ ለመውጋት ይፈራሉ፤ መርፌውን ተከትሎ ሰው ሞተ ሲባል ተሰምቷልና። እኛ አድሬናሊን አጠገባችን አድርገን፣ ከወጋን በኋላ ግማሽ ሰዓት አስቀምጠን እንከታተላለን። ዛሬ ብዙ ልጆች በዝርዝር ላይ አሉን፤ የቀጠሮ ቀናቸው በትልቅ ደብተር ላይ ተጽፏል፣ የቀረ ካለ ነርሷ ቤቱ ድረስ ትሄዳለች።

የልብ ቀዶ ሕክምና ለሚያስፈልጋቸው ልጆች፣ እስራኤል ውስጥ ሆሎን ዎልፍሰን ሆስፒታል የሚገኘውና ዶክተር አሚ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1995 የመሠረቱት ሴቭ ኤ ቻይልድስ ሃርት የተባለ ድርጅት አለ፤ ከኢትዮጵያ ብዙ ልጆች ተቀብሏል። ለተጣመመ የጀርባ አጥንት ደግሞ ጆይንት የተባለው የአይሁድ ዕርዳታ ድርጅት ሐኪም ዶክተር ሪክ ሆድስ ሕሙማንን ወደ ጋና ልኮ በማሳከም ይታወቃል። እነዚህ በሮች መኖራቸው መልካም ነው፤ ግን ወደ በሩ የሚደርሰው ከሺህ አንዱ ነው። በየወሩ የሚወጋው ርካሽ መርፌ ከሁሉም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፣ ለጎብኚ ባይታይም።

ሚያዝያ

ፋሲካ። የአይሁድ ፋሲካ ሚያዝያ 11 ማታ ገባ፣ የክርስቲያኑ ሚያዝያ 20 ይውላል። ማኅበረሰቡ ቂጣውን በጋራ እየጋገረ ነው፤ ጭስ፣ ሩጫ፣ ደስታ። የፕለምፒ ነት እናቶች እርሾ በማይበላበት በፋሲካ ይሰጥ አይሰጥ ብለው ተጨነቁ። ቄሱ ክሊኒኩ ድረስ መጥተው በእናቶቹ ፊት «ሕፃኑ ይብላ» አሉና ጉዳዩ አለቀ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በጾም ላይ ናቸው፤ የሚያጠቡ እናቶች እየጾሙ ወተታቸው ቀንሷል። ቤተ ክርስቲያኑ ለአራስና ለታመመ ፈቃድ እንዳለው የሰፈሩ አባት እንዲነግሯቸው አዋላጇ ሄዳ ለመነች፤ ነገሯቸውም።

በሰንበት (ቅዳሜ) ክሊኒኩ ለተመላላሽ ዝግ ነው፤ ለድንገተኛ ግን አንድ ነርስ ሁልጊዜ አለ። በሰንበት ተረኛ የምትሆነው ብዙውን ጊዜ ክርስቲያን ባልደረባችን ናት፣ እሑድ ደግሞ እኛ።

ሰኔ

ከሰኔ 15 በኋላ ኢንተርኔት ጠፋ። ባሕር ዳር ላይ የክልሉ ባለሥልጣናት መገደላቸውን ሁሉም ሰምቶ ከተማው ጭር ብሏል። ክሊኒኩ አንድም ቀን አልተዘጋም። የሕሙማን መዝገብ ከመጀመሪያው በወረቀት መሆኑን በዚህ ጊዜ ሁላችንም አመሰገንን፤ ኮምፒውተሩ ለወር ሪፖርት ብቻ ነው የሚያገለግለው። ከእስራኤል ገንዘብ ማስተላለፍ ስላልተቻለ ከመጠባበቂያው ተጠቀምን። የሦስት ወር ደመወዝና መድኃኒት ሁልጊዜ በባንክ መቀመጥ አለበት የሚለውን ደንብ ገና ስንጀምር ያጸደቅነው ለእንዲህ ዓይነት ቀን ነበር።

ዝናቡ ጀምሯል፣ አሸንዳው ሮቶዋን እየሞላ ነው። ተቅማጥም አብሮ መጥቷል፤ በየቀኑ ኦአርኤስ እንበጠብጣለን።

ሐምሌ

እኔ ወደ እስራኤል እመለሳለሁ፤ ክሊኒኩን ጤና መኮንኑ ከአምስት ሰው ኮሚቴ ጋር ይመራዋል። ሁለቱ ከማኅበረሰቡ፣ ሁለቱ ከሰፈሩ፣ አንዱ ከጤና ጣቢያው ናቸው። የሁለተኛውን ዓመት በጀት አብረን ሠራን። አንድ ለጋሽ አልትራሳውንድ ሊሰጥ ፈልጓል፤ የሚያነበው ሰው እስኪሠለጥን ድረስ እንዲቆይ ጠይቀናል፤ አዋላጇ በመስከረም ሥልጠና ትጀምራለች። ገንዘቡን መጀመሪያ የምናውለው ለሁለተኛ ሮቶ፣ ለሁለተኛ አዋላጅና በምክር ክፍሉ ለሚቀመጥ ባለሙያ ነው። ባለሙያዋን እስካሁን አላገኘናትም፤ አማርኛ የምትናገር፣ የአእምሮ ጤና የተማረች፣ ጎንደር ላይ ለመቀመጥ ፈቃደኛ የሆነች ሴት እንፈልጋለን። ይህን የሚያነብና እንዲህ ዓይነት ሰው የሚያውቅ ካለ ኮሚቴው በየሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በክሊኒኩ ግቢ ይሰበሰባል፤ በሩ ክፍት ነው።